ለደም ግፊት የታዘዘ ሰንጠረዥ

በእኛ አገር ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቢቀመጥም አንድ ነገር ይይዛል። ሴት ከሆነች እንዝርት፣ ሽማግሌ ከሆነ እንደ ሃይማኖቱ መቁጠሪያ ወይም ሙስበሃ፣ ጎልማሳ ከሆነ ደግሞ የሚልጠው ዱላ አያጣም። እጁ ባዶ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ካያችሁ ወይ ታሟል፣ ወይ ከቤት ተጣልቷል፣ ወይ ስብሰባ እየጠበቀ ነው። ዘመኑም ቢሆን የሥራ ዘመን ነው። ጠዋት እርሻ፣ ከሰዓት የማኅበር ሥራ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ስብሰባ፣ በወር አንድ ቀን ደግሞ ስለ ስብሰባዎቹ የሚነገርበት ሌላ ስብሰባ አለ። በዚህ መሃል «ልዝናና» የሚል ሰው ቢነሣ ጎረቤት ተሰብስቦ ምን ነካው ይላል። ስለዚህ ማረፍ የሚፈልግ ሰው ማስረጃ ያስፈልገዋል። አባቴ ማስረጃውን ያገኘው ከውጫሌ ጤና ጣቢያ ነው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ብዙ አልልም፤ ብዙ ማለት አይሆንልኝም። ስሜ ሐዋ ነው፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት። እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ የማልወጣ፣ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን የማላወጣ ልጅ ነኝ። አንድ ጊዜ አስተማሪያችን ስም ሲጠራ «አቤት» የምለው ስላልተሰማው ሳምንቱን ሙሉ ቀሪ አድርጎ መዘገበኝ። አርብ ዕለት ከጓደኞቼ አንዷ «ኧረ መምህር፣ ይቻትና» ባትለው ኖሮ ከትምህርት ቤት ሳልወጣ ተባርሬ ነበር። መጻፍ ግን አያስፈራኝም። ወረቀት ዓይን የለውም።

ሰፈራችን ከሐይቅና ከውጫሌ መሃል፣ ከመኪናው መንገድ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብሎ ከአምባሰል ተራራ ሥር ነው። ትምህርት ቤታችን ስድስተኛ ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ የፈለገ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። እኔ የስድስተኛን ፈተና በዚያ ዓመት አልፌ ነበር። ሐይቅ ከተማ ደግሞ አክስቴ ዘምዘም አለች፤ ዓሣ አጥማጅ አግብታ ከውኃው ዳር ነው የምትኖረው። «ሐዋን ላኩልኝ፣ ከልጆቼ ጋር ትማራለች» ብላ መልእክት ልካለች። ማደሪያ አለ፣ ማለፊያ ውጤት አለ። የቀረው የአባቴ እሺታ ብቻ ነው።

አባቴ እሺም እምቢም አላለም። ማንም አልጠየቀውማ። እናቴ «ተማሪዋ አንቺ፣ ጠያቂዋም አንቺ» ብላ እጇን አነሣች። እኔ ደግሞ አባቴ ፊት ቆሜ «አባባ» ካልኩ በኋላ «እራት ቀርቧል» ከሚለው ሌላ ነገር ተከትሎ ወጥቶልኝ አያውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ልጠይቀው ሄጄ ሦስት ጊዜ እራት ቀርቧል አልኩት። በሦስተኛው ቀን ገና ከሰዓት ነበር።

ምዝገባው መስከረም ላይ ነው። ሐምሌ ገብቷል።

አባቴ ሰይድ ይባላል። ገበሬ ነው፤ በተጨማሪ የገበሬ ማኅበራችን የፍርድ ሸንጎ ዳኛ ነው። ድንበር የገፋ፣ የሰው በሬ ቀንድ የሰበረ፣ በባዕድ ማሳ ፍየል የለቀቀ ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። ሁለቱንም ወገን ይሰማል፣ ይፈርዳል፣ ሁለቱም ወገን ይረግሙታል፣ እሱም ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ተገትሮ ቤት ይገባል። አንድ ቀን ከሸንጎ ሲመለስ ዓይኑ ተጋረደና የአጥራችንን በር ይዞ ቆመ። በበቅሎ እስከ መንገዱ፣ ከመንገዱ በመኪና ውጫሌ ወሰድነው። የጤና ጣቢያው ሐኪም ክንዱን በጨርቅ ጠፍሮ ነፋበት፣ አዳመጠ፣ እንደገና ነፋበት።

«ደምህ ከፍ ብሏል። ጨው ቀንስ፣ ቁጣም ቀንስ» አለው።

«ጨዉን እሺ» አለ አባቴ።

«አእምሮህን የሚያሳርፍ ነገር ፈልግ። በጎልማሳነትህ ምን ያስደስትህ ነበር?»

አባቴ እናቴን አየ። ቆይቶ «ሰንጠረዥ» አለ።

«በል እሱን ተጫወት። በየቀኑ።»

እናቴ ይህን ከክኒኑ እኩል አድርጋ ያዘችው። ክኒኑ ጠዋትና ማታ፣ ሰንጠረዡ ከምሳ በኋላ።

ሰንጠረዥ ስል አንዳንዶቻችሁ የከተማውን ታስቡ ይሆናል፤ ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረውን፣ አንዱ አገጩን ይዞ ሲያስብ ሌላው ተራውን እየጠበቀ የሚያንቀላፋበትን። የእኛ እንደዚያ አይደለም። አያቴ በወጣትነቱ የአንድ ባላባት በቅሎ ጠባቂ ነበር። ጌቶቹ በግቢው ሲጫወቱ ቆሞ እያየ ተማረ። አያባርሩትም፤ ሰንጠረዥ ላይ የቆመ ሁሉ መምከር ይችላላ፤ ደንቡ ነው። በቅሎ ጠባቂ ጌታውን «ምነው ጌታዬ፣ ዓይንዎን አመመዎት?» ቢል ምንም አይሆንም፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ። ካለቀ በኋላ ግን አይሞክራትም። ዝም ብሎ መጫወትም የለም። እየበሉ መሳደብ፣ እየተበሉ መመለስ የጨዋታው ግማሽ ነው። ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ምንም ሳይናገር ያለፈ ሰው ደግሞ ሰላምታ እንደ ነሣ ይቆጠራል።

አባቴ ከቆጡ ላይ የፍየል ቆዳ ከረጢቱን አወረደ። ስምንት ዓመት አልተነካም። መጫወቻው ቀይ ጨርቅ ነው፣ በጥቁር ክር ሳጥን ሳጥን ተደርጎ የተሰፋ። ከቀንድና ከእንጨት ከተሠሩት መጫወቻዎች አንዱ ዝሆን ጠፍቷል፤ በሞተ የባትሪ ድንጋይ ተካነው። ከወታደሮቹም አራቱ የሉም፤ በባቄላ ተካናቸው። ንጉሡ ግን ምንም አልሆነ።

አባቴ ንጉሡን አንሥቶ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው። በዚህ ዘመን ዳኛ ሆኖ በረንዳው ላይ «ንጉሡ፣ ንጉሡ» እያለ ሲጮህ ቢሰማ ጥሩ እንዳልሆነ ገብቶታል። «ለዚህ ሌላ ስም እንፈልግለት» አለ።

«ሊቀመንበር በሉት» አለች እናቴ ከጓዳ።

አባቴ ትንሽ አሰበበት። ከዚያ ጨዋታው ሲያልቅ «ሞተ!» ተብሎ እንደሚጮህ ትዝ አለውና ከንፈሩን ነክሶ ራሱን ወዘወዘ። በመጨረሻ «እሱ» ብለን ተውነው። «እሱን ጠብቂ»፣ «እሱ ተከቧል»፣ «እሱ አለቀለት»። ከአጥር ውጭ የሚሰማን ሰው ከነበረ የበለጠ ሳይደነግጥ አልቀረም።

መጫወቻው ተገኘ፤ ተጫዋች ጠፋ። ጨዋታውን የሚያውቁት የአባቴ ዕድሜ ሰዎች ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ወደ ወልድያና ወደ ደሴ ሄደዋል። የቀረው አያ ገብሬ ነው። አያ ገብሬ ደግሞ ጎረቤታችን ነው፤ አጥር ለአጥር ነን። ነገር ግን አባቴና እሱ ከተነጋገሩ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል።

እንዴት እንደተኳረፉ ለመናገር ስለ ወረራ መናገር አለብኝ። የሰንጠረዣችን መጀመሪያ ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እንዳሻቸው፣ በፈለጉት ፍጥነት፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ መጫወቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እጅ ከእጅ ይጋጫል። ወረራው የሚያበቃው አንዱ የሌላውን የመጀመሪያ ወታደር ሲበላ ነው። ከዚያ በኋላ በተራ ይሆናል። እንግዲህ ከስምንት ዓመት በፊት አባቴና አያ ገብሬ በአንድ ቅጽበት እጃቸውን ሰድደው ሁለቱም የሌላውን ወታደር አነሡ። አባቴ «እኔ ቀድሜ በላሁ» አለ። አያ ገብሬ «እኔ ቀድሜ በላሁ» አለ። ወታደሮቹን በጡጫቸው እንደጨበጡ ተነሡ። አያ ገብሬ ቤቱ የገባው የአባቴን ወታደር ይዞ ነው። ይኸው ነው። በአብዮቱ ጊዜ መሬት ሲከፋፈል ያልተጣሉ ሰዎች በአንዲት የእንጨት ቁራጭ ተጣሉ።

ሰፈሩም ቶሎ አላወቀም። እነሱ በሠርግም ሆነ በለቅሶ ድሮም ቢሆን አንድ ማዕድ ላይ አይቀመጡም፤ የአንዱ ሥጋ ለሌላው አይሆንም። አለመነጋገራቸው የታወቀው በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል። ለሰፈሩ ጠብ ሁሉ ዳኛ የሆነ ሰው የራሱን ጠብ ለማንም ሳያቀርብ ስምንት ዓመት ያዘው።

«ሐዋ አለች አይደል እንዴ?» አለች እናቴ። አረም ነበር፣ ውኃ ነበር፣ ወፍጮ ነበር፤ መድኃኒት ግን ይቀድማል።

እንዲህ ሆኜ ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሰሞን በፍጥነት ነበር የሚያሸንፈኝ። ቀና ብዬ ስለማላየው እጁ የት እንዳለ አላውቅም። እሱ ግን በመሸነፌ ሳይሆን በዝምታዬ ተናደደ።

«ተናገሪ እንጂ። ከድንጋይ ጋር ነው እንዴ የምጫወተው?»

«ምን ልበል?»

«ስደቢኝ።»

አባቱን መስደብ እንዳለበት በአባቱ የታዘዘ ሰው ካለ ምን ያህል ላብ እንደሚያጠምቅ ያውቃል። ሁለት ቀን አሰብኩበት። በሦስተኛው ቀን ፈረሱ ከጥግ ወጥቶ ሲያነክስ አየሁና «አባባ፣ ፈረስህ የምንሽር ጥይት የመታው ይመስላል» አልኩት። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ እሱ ግን ሰማ። እጁን ከመጫወቻው ላይ አንሥቶ ሳቀ። አባቴ ሲስቅ የላይኛው ጥርሱ አንድ ጎደሎ እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ምላሴ ተፈታ። ሰንጠረዡ ሲጠቀለል ይታሰራል፣ ሲዘረጋ ይፈታል። ቀስ በቀስም ጨዋታው ገባኝ። ዝም የሚል ሰው ብዙ ያያል፤ አባቴ ዝሆኑን ሊያንቀሳቅስ ሲያስብ የግራ ጉልበቱን እንደሚያክክ አየሁ። ስለ ፈረሱ ሲያስብ ያፏጫል። ነሐሴ ሲገባ አሸነፍኩት። ድንገት ነው ብዬ በማግስቱ ደገምኩት። ሳምንት ባልሞላ ጊዜ አራት ጊዜ አሸነፍኩት፣ እሱም አራት ጊዜ «አላህ ያሳድግሽ» አለኝ። ውጫሌ ሄዶ ሲለካም ደሙ ወርዷል ተባለ።

ደስታው ላይ ነው የተናገርኩት። አምስተኛውን ላሸንፍ ስቃረብ አፌ እንደተከፈተ «አባባ፣ ዝሆንህን በላሁት፣ ሐይቅ ሄጄ ልማር» አልኩ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ።

አባቴ መጀመሪያ ዝሆኑን አየ። ከዚያ እኔን።

«ሐይቅ?»

«አክስቴ ጋ። ሰባተኛ።»

«ሐይቅ ሄደሽ እኔ ከማን ጋር ልጫወት? ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል። ወላሂ፣ ካንቺ ጋር መቀመጥ ከጀመርኩ ራሴ ቀሎኛል። ለዚህ ዓመት ይቆይሽ።»

ለዚህ ዓመት ይቆይሽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የእኛ ሰፈር ልጆች እናውቃለን። ከእኔ በፊት «ይቆይሽ» የተባሉት ሦስቱ ጓደኞቼ አሁን ሁለቱ አግብተዋል፣ አንዷ አርግዛለች። ሰው ሥራው ሲወደድለት ደስ ይለዋል። እኔ ግን በሠራሁት ሥራ ራሴን አስሬ ተቀመጥኩ። ለአባቴ ከክኒኑ የበለጥኩ መድኃኒት ሆኛለሁ። መድኃኒት ደግሞ ትምህርት ቤት አይላክም።

ሁለት ቀን ካሰብኩ በኋላ የገባኝ ይህ ነው። እኔ እንድሄድ አባቴ ሌላ ተጫዋች ያስፈልገዋል። ሌላ ተጫዋች በዚህ አገር አንድ ብቻ አለ። እሱም አጥሩ ማዶ ነው። ሄጄ «ታረቁ» ልል አልችልም፤ ያን ያህል ምላስ የለኝም፣ ሽማግሌዎችም ሞክረው ተመልሰዋል። አያ ገብሬ ግን በየቀኑ ከሰዓት ከጤፍ ማሳው ሲመለስ በአጥራችን ጥግ ያልፋል። እሱም ሰው ነው፤ ሰንጠረዥ የሚያውቅ ሰው።

የምንቀመጥበትን ቁርበት ከበረንዳው ውስጥ ወደ ዳር፣ ወደ አጥሩ ወገን ሳብኩት። «እዚህ ብርሃን ይሻላል» አልኩ። አባቴ መጫወቻውን ደረደረ። ከዚያ መጥፎ መጫወት ጀመርኩ።

መጥፎ መጫወት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ባለማወቅ መጥፎ መጫወት ቀላል ነው፤ አውቆ፣ ያውም ሰው እንዳይነቃ አድርጎ መጥፎ መጫወት ግን ከማሸነፍ ይከብዳል። በመጀመሪያው ቀን አያ ገብሬ ሲመጣ አይቼ ፈረሴን ከአባቴ ወታደር አፍ ውስጥ አስቀመጥኩት። አያ ገብሬ እርምጃውን ቀነሰ፤ ሳል ሳል አለ፤ አለፈ። በሁለተኛው ቀን ሁለቱንም ፈረሶቼን ሰጠሁ። ቆሞ የጎማ ጫማውን ዘለበት ሲፈታና ሲያስር ቆየ። ዘለበቱ እንደዚያ ብዙ ጊዜ ተፈትቶ የሚታሰር አይመስለኝም። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። ዣንጥላ የለውም፤ ጋቢውን በራሱ ላይ አድርጎ ሲሮጥ መጣ። እኔም «እሱን» ከምሽጉ አውጥቼ ሜዳ መሃል ብቻውን አቆምኩት።

አያ ገብሬ በዝናቡ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አንቺ ልጅ፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ መልሺው» አለ።

አባቴ ቀና አላለም። «ሐዋ፣ ዝናብ ላይ የቆመ ሰው ካለ ጠርዙ ሥር ይጠለል በይው» አለኝ።

«አያ ገብሬ፣ ጠርዙ ሥር ይጠለሉ» አልኩ።

«ስለ ዝናቡ ነው የምጠለለው ብለሽ ንገሪው» አለ አያ ገብሬ። ገባና ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ግማሽ ጀርባው እየረጠበ ቆመ። «አሁን ያን ወታደር ወደፊት ግፊው። ይሄኛውን አይደለም፣ ወዲያኛውን።»

ገፋሁት። አባቴ የግራ ጉልበቱን አከከ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ገብሬ ዝናብ ባይኖርም መጠለል ጀመረ። መጀመሪያ ቆሞ፣ ከዚያ በዱላው ተደግፎ፣ በሳምንቱ እናቴ ያቀረበችለት በርጩማ ላይ። እሱ ለእኔ ይናገራል፣ እኔ እጫወታለሁ፣ አባቴ ለእኔ ይመልሳል።

«ለአባትሽ ንገሪው፤ ዝሆኑ እበት ውስጥ ገብቷል።»

«ለአማካሪሽ ንገሪው፤ የእሱን ምክር ሰምቶ የዳነ ሰው አላየሁም።»

«ለአባትሽ ንገሪው፤ በሸንጎም እንዲህ ከሆነ የሚፈርደው፣ ሰው ተበደለ።»

«ለአማካሪሽ ንገሪው፤ በሸንጎ ወታደር ሰርቆ የሄደ ቢመጣ ምን እንደምፈርድበት አውቃለሁ።»

ሦስታችን የተቀመጥንበት ቦታ አንድ ቁርበት አይሞላም። የአንዱ ትንፋሽ ሌላውን ይነካዋል። እኔ ግን ዞር እያልኩ «አባባ፣ እንዲህ ይልሃል»፣ «አያ ገብሬ፣ እንዲህ ይልዎታል» እያልኩ አደርሳለሁ። በዕድሜዬ ሙሉ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። አንዳንዴ ሳላደርስ ብቀር ሁለቱም አፍጥጠው ይጠብቁኛል።

ጨዋታው ሞቀ፤ እኔ ግን ከመሃል መውጫ አጣሁ። አሁን ደግሞ ለሁለት ሰው ሆንኩ መድኃኒት። ጳጉሜ ገባ። ከሐይቅ ገበያ የተመለሰች ጎረቤት የአክስቴን መልእክት ይዛ መጣች፤ ምዝገባው አንድ ሳምንት ቀርቶታል።

በዚያው ቀን ጨዋታው ተጀምሮ ትንሽ እንደሄደ ጀሪካን አንሥቼ «ውኃ አልቋል» አልኩ። ውኃ አላለቀም ነበር። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ እንስራውን አየች፣ እኔን አየች፣ ተመልሳ ገባች። ወደ ምንጩ ሄድኩ። ቀዳሁ፣ ደፋሁ፣ እንደገና ቀዳሁ። ልብሴን አጠብኩ። እግሬን አጠብኩ። ቢጣሉስ የሚለው ሐሳብ ያዘኝ። አባቴ ደሙ ከፍ ቢልና ቢወድቅ የማን ጥፋት ነው? ጀሪካኑን ተሸክሜ በሩጫ ተመለስኩ። ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ ስደርስ ግን ቆምኩ።

የጀመርነውን ጨዋታ ትተውታል። ሰንጠረዡ እንደ አዲስ ተደርድሯል፣ አያ ገብሬ እኔ ከነበርኩበት ተቀምጧል፣ ወረራ ላይ ናቸው። ለካ ወረራ ለተኳረፉ ሰዎች የተሠራ ነው። ተራ ስለሌለው «ተራህ ነው» ማለት አያስፈልግም። አራት እጅ በቀዩ ጨርቅ ላይ ይመላለሳል፣ ቃል የለም። ችግሩ ማለቂያው ነው። ወረራው እንዲያበቃ አንድ ሰው መብላት አለበት፤ ሁለቱም መብላት አልፈለጉም። ወታደር ከወታደር ጋር አፍ ለአፍ ተፋጥጦ እያለ ይተዉታል፤ ፈረሳቸውን ወደፊት ያወጣሉ፣ ይመልሳሉ፣ ያወጣሉ። እንዲህ ያለ ወረራ በታሪክ የነበረ አይመስለኝም። በመጨረሻ የሚንቀሳቀስ ነገር አጡና ሁለቱም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

አባቴ አንዱን የባቄላ ወታደር በጣቱ ገፋ አድርጎ ከአያ ገብሬ ወታደር ፊት አቀረበው።

«ብላ» አለ።

በስምንት ዓመት የመጀመሪያው ቃል ነው።

«አንተ ብላ» አለ አያ ገብሬ።

«በቤቴ እንግዳ ተቀምጦ እኔ ቀድሜ አልበላም።»

«እንግዳ አይደለሁም። ጎረቤት ነኝ።»

«ጎረቤት ከሆንክ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?»

«አጥሩ ማዶ።»

«በል ብላ።»

«በማርያም አልበላም።»

«ወላሂ ትበላለህ።»

እኔ በላሁ፣ እኔ በላሁ ብለው የተጣሉ ሰዎች አንተ ብላ፣ አንተ ብላ ሲሉ ሊጣሉ ነው ብዬ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጥኩ። ያኔ የእናቴ ቀይ ዶሮ ከበረንዳው ሥር ወጥታ አንገቷን ሰደደችና ባቄላውን ዋጠችው።

ሁለቱም ዶሮዋን አዩ። ዶሮዋ ሌላ ባቄላ አየች። አባቴ በእጁ መልሶ አባረራት።

«ዶሮዋ የማን ናት?» አለ አያ ገብሬ።

አባቴ ዳኛ ነው። ጥያቄው የገባው ወዲያው ነው። አገጩን ይዞ አሰበበት፤ በሸንጎ እንዲህ ያለ ነገር አልመጣለትም። «የእኔ ናት» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው አንተ በላህ ማለት ነው።»

«የራሴን ወታደር?»

«ዶሮ ያሳደገ ይጠየቅበታል። ተራው የእኔ ነው።»

«ተራው ያንተ ነው» አለ አባቴ። ከዚያ ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ ሳቁ፤ አያ ገብሬ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን እስኪጠርግ ድረስ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ በመጀመሪያ ያየችው የአባቴን ግንባር ነው። ሥሩ አልተገተረም።

በማግስቱ አያ ገብሬ ዝናብም፣ ምክርም፣ እኔም ሳያስፈልጉት መጣ። እኔ ዳር ቁጭ ብዬ አያለሁ። ስድቡ ቀጥታ ነው፤ ከእኔ ጋር ከነበረው በሦስት እጥፍ ይበልጣል። በሦስተኛው ቀን አያ ገብሬ መጫወቻ እየደረደረ ወደ እኔ ዞረ።

«ሰይድ፣ ይቺ ልጅ ክረምቱን ሙሉ እዚህ ተቀምጣ ምንም አልገባትም እኮ።»

«አልገባትም» አለ አባቴ።

«እሱን አውጥታ ሜዳ ላይ ስታቆመው እኮ ልቤ ነው የቆመው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ አላየሁም።»

«መጀመሪያ ሰሞን አሸንፋኝ ነበር። ለካ ያኔ ደሜ ከፍ ብሎ ዓይኔን ጋርዶኝ ነው።» አባቴ ይህን ሲል ከልቡ ነው። ከዚያ ለአፍታ ተመለከተኝ፣ በሐዘን። «ሁሉም አንድ ዓይነት ጭንቅላት አይሰጠውም። ለሰንጠረዥ ያልሆነ ለትምህርት ይሆን እንደሁ፣ አክስቷ ጋ ትሂድና ትሞክር። እዚህ ምን ትሠራለች?»

አፌን ከፈትኩ። ላሸንፈው የጀመርኩት ውጫሌ ተለክቶ ደሙ ወርዷል በተባለበት በዚያው ሰሞን እንደነበር ልነግረው ነበር። ዝሆኑን ከማንቀሳቀሱ በፊት ጉልበቱን እንደሚያክክ፣ አያ ገብሬም ሊያጠቃ ሲል አፍንጫውን እንደሚነካ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ላሸንፋቸው እንደምችል ልነግራቸው ነበር። ሰንጠረዥ ላይ ደግሞ መናገር ይፈቀዳል፤ ደንቡ ነው። ነገር ግን ተናግሬ ባሳምናቸው ምን እንደሚሆን አሰብኩ። አፌን ዘጋሁ። ዝም ማለት ድሮም የምችለው ነገር ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ከብዶኝ አያውቅም።

ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ሐይቅ ገባሁ።

አሁን ሰባተኛ ክፍል ነኝ። ስም ሲጠራ «አቤት» የምለው እስከ ሦስተኛው ወንበር ድረስ ይሰማል፤ አስተማሪው ስድስተኛው ጋ ነው የሚቆመው፣ እየተቀራረብን ነው። ከሰፈር የሚመጡ ሰዎች ወሬ ያደርሱኛል። አባቴ ደህና ነው፣ በየቀኑ ይጫወታል፣ የሐኪሙ ጨርቅም በክንዱ ላይ ጸጥ ብሏል። አያ ገብሬ የወሰደውን ወታደር መልሷል፤ የዶሮዋን ግን ይከራከርበታል። የእኔም ስም ይነሣል። ልጁ ትምህርት አልገባው ብሎ ያዘነ ሰው ሲኖር «አይዞህ፣ የሰይድ ልጅ ሐዋም ሰንጠረዥ አልገባ ብሏት ነበር፣ ይኸው ሰባተኛ ደረሰች» ይሉታል አሉ። ሰው በእኔ ተጽናንቶ ካደረ ምን አስከፋኝ እላለሁ። ትንሽ ግን ያስከፋል።

ለዚህ ነው የጻፍኩት። አባቴ ባለፈው ዓመት በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለይቷል፤ ይህ ወረቀት እጁ ከገባ ያነብበዋል። ሲያነብ ጣቱን በእያንዳንዱ ፊደል ላይ እያሳረፈ፣ ቃሉን ሁለት ጊዜ እየደገመ፣ መስመር ሲያልቅ አረፍ እያለ ነው። እኔ እንዳሰላሁት እዚህ እስኪደርስ ስምንተኛን እጨርሳለሁ።